ውሻዬ በአፍንጫው ይደማል፤ አልቅት ነው ወይስ መዥገር?

ጥያቄ፦ የቡላ ባለቤት፣ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቡላ የሚባል ውሻ አለኝ። 4 ዓመቱ ነው። እናቱ የሰፈራችን የሀበሻ ውሻ ናት፤ አባቱ የጎረቤት ጀርመን ሼፐርድ ነው። አምና 30 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አሁን ግን የጎድን አጥንቱ በእጅ ይቆጠራል።

ከሦስት ቀን በፊት ጠዋት ስነሳ የሚተኛበት ጆንያ ላይ ደም አየሁ። ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሶ መስሎኝ ገላውን ሁሉ ፈተሽኩ። ቁስል የለም። ደሙ የሚወጣው ከግራ አፍንጫው ነው። ጠብ ጠብ ይልና ያቆማል፤ ሲያስነጥስ እንደገና ይጀምራል። ምግብ ቀንሷል። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩን እንደ ሽማግሌ ይጎትታል። በር ሲንኳኳ ሰፈር የሚያናውጥ ውሻ አሁን ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ይተኛል።

ማታ ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ይዤው እወርዳለሁ። ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይጠጣል። እናቴ «አልቅት ነው፣ ምን ያስጨንቅሃል» አለችኝ። መዥገርም ነበረበት፤ ሐምሌ ላይ ከጆሮውና ከጣቶቹ መሀል የለቀምኩት ለጉድ ነው። ለእግሩ ይሆነዋል ብዬ ትናንት አንድ ዳይክሎፌናክ፣ የሰው ማስታገሻ፣ ሰጥቼዋለሁ። የዕብድ ውሻ ክትባት ተከትቧል፤ ሌላ ምንም አልወሰደም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከብት አርቢ፣ አባይ ማዶ

ልጄ፣ እናትህ አልተሳሳተችም። አልቅት ሲገባ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ውስጥ ተቀምጦ ደም ሲጠግብ ጣት ያክላል። ከብቶቼን ስንቴ አስለቅሷቸዋል።

እንዲህ አድርግ። ለጥቂት ሰዓት ውሃ ከልክለው። ከዚያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በነጭ ሳሕን አቅርብለት። አፍንጫውን ወደ ውሃው ሲያስጠጋ አልቅቱ ውሃ ሸቶት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ሳበው። በባዶ እጅ አትሞክረው፣ ያዳልጣል። እኛ ለበሬ ትምባሆ በጥብጠን በአፍንጫው እናንቆረቁራለን። ለውሻ ግን አድርጌው አላውቅም።

መልስ፦ ከፋሲሎ

ወንድሜ፣ እኔ መዥገር ነው እላለሁ። የኔዋም ክልስ ነበረች። አፍንጫዋ ሲደማ ሁሉም አልቅት አለኝ። ሁለት ሳምንት በባትሪ አፍንጫዋን ሳይ ከረምኩ። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ቫይታሚን ሸጠልኝ። መጨረሻ ላይ የታየኝ ድዷ ነው፤ ነጭ ወረቀት መስሎ ነበር። ሆዷ ላይ፣ ፀጉር በሌለበት በኩል፣ ቁንጫ የነካው የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር። ቁንጫ የነካው ሲጫኑት ይደበዝዛል፤ ይሄ አይደበዝዝም። ሐኪም ጋ ስንደርስ ረፍዶ ነበር። አልተረፈችም።

ዛሬውኑ ከንፈሩን ገልብጠህ ድዱን እይ። ነገ አትበል።

መልስ፦ የሦስት ውሻ ጌታ

ኧረ አታስፈራሩት! ክልስ ውሻ እንደ ፈረንጅ ውሻ አይደለም፣ በቀላሉ አይወድቅም። ጥሬ ጉበት አብላው፣ ደም ይሞላለታል። ለመዥገሩ የከብት አይቨርሜክቲን 1 ሲሲ ውጋውና ተገላገል። የኔዎቹ በዚህ ነው የሚኖሩት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

መጀመሪያ ዳይክሎፌናኩን አቁም። የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ደሙ አልረጋ ላለ ውሻ ደግሞ ይብስበታል። አይቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ያው ናቸው፤ የሰው ማስታገሻ ለውሻ አይሰጥም። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ መስጠትህን አትደብቅ። ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል፣ እኛም በጨለማ እንዳክራለን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የጋሼ የሳሕን ዘዴ ጥሩ ነው፣ ምንም አይጎዳም፣ ሞክረው። ትምባሆውን ግን ተወው፤ ኒኮቲን ውሻን ይመርዛል። ጨውም ጋዝም በአፍንጫው አታፍስስ። አልቅት የገባበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ያስነጥሳል፣ ራሱን ያራግፋል፣ በአንድ በኩል ይደማል፤ ምግቡን ግን ይበላል። ያንተ ከስቷል፣ ደክሟል፣ እግሩን አሞታል፣ ሐምሌ ላይ መዥገር ወሮት ነበር። ስለዚህ የፋሲሎው ወንድማችን እንዳለው እኔም መዥገሩን ነው የምጠረጥረው።

በሽታው ኤርሊኪያ ይባላል። ጀርሙን የሚያመጣው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ጀርሙ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይኖራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ያመናምናል። አፍንጫ የሚደማው ለዚህ ነው። በአንድ በኩል ብቻም ሊሆን ይችላል። መዥገሩ ከወደቀ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ብቅ ስለሚል ሰው ሁለቱን አያገናኛቸውም። «አሁን እኮ መዥገር የለበትም» ብለው ሲከራከሩኝ የሰማሁት ስንቴ ነው!

ሌላም አለ። ሽንቱ እንደ ሻይ ከቀላ ባቤዥያ ሊሆን ይችላል። እሱም ከመዥገር ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ካልተኮላሸና ከመንገድ ውሾች ጋር ከዋለ ደግሞ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዕጢ አፍንጫ ውስጥም ይበቅላል፤ የፊቱ አንድ በኩል ማበጡን እይ። ለዚህ ነው በግምት መድኃኒት ገዝተህ አትስጥ የምለው። ደሙ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ቤት ቴርሞሜትር ካለህ በፊንጢጣው ለካው። ጤነኛ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ይሆናል።

የሦስት ውሻ ጌታ፣ አንተንም ልንገርህ። ክልስ በዘር የሚመጣ በሽታ ያንሰው ይሆናል፤ መዥገር ግን ዘር አይመርጥም። የከብት አይቨርሜክቲን 1 ሲሲ 10 ሚሊግራም አለው፤ ለ50 ኪሎ ከብት የሚሰጥ ነው። አንተ ለ30 ኪሎ ውሻ እያልክ ነው። ኮሊና አንዳንድ ሼፐርድ ደግሞ ይህን መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከለክለው ጂን ተበላሽቶባቸዋል። ክልስ ሲሆን ደግሞ ምን እንደወረሰ አይታወቅም። ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ራሱን ይስታል። ለቡናማው መዥገርም ይህን ያህል አይረዳም።

ጉበቱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ይቀቀል። የበግ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በፋሲካ ማግስት ግቢ ውስጥ «ለውሻ» ተብሎ የሚወረወረው እሱ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትናንሽ የኮሶ ትሎች ይሆናሉ። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ልጆች እጅ ይመጣል፤ ከዚያ ከረጢቱ ሰው ጉበት ላይ ይበቅላል። የወጥ ትራፊም አትስጠው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚፈጅ ታውቃለህ።

የቡላ ባለቤት

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ስለ ወጡ ሳነብ ደነገጥኩ። ቡላ ያደገው በእንጀራ ፍትፍት ነው፣ በዓል ሲሆን የዶሮ ወጥ መረቅም አይቀርበትም።

ሳሕኑን ሞከርኩ። ሦስት ሰዓት ውሃ ከለከልኩትና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሲጠጣ ከአፍንጫው አንድ ጠብታ ደም ወደ ሳሕኑ ወረደችና እንደ ጭስ ተበተነች። አልቅት የለም። ድዱን ገለበጥኩ፤ ሮዝ የነበረው ነጥቷል። ብብቱ ሥር አምስት ስድስት ቀይ ነጥብ አለ፣ ስጫነው አይጠፋም። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ባጃጅ ውሻ አይጭንም፤ እጥፍ እከፍላለሁ ብዬ አንዱን አስማምቻለሁ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቀበሌ 14

ይቅርታ፣ መሀል ገባሁባችሁ። እኛም ቤት ተመሳሳይ ውሻ አለ። ልጆቼ ሲያቅፉት ይውላሉ። ይህ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል? የዕብድ ውሻ በሽታስ አፍንጫ ያደማል?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

እህቴ፣ ከማቀፍ አይተላለፍም። መዥገሩ ግን ሰውም ሊነክስ ስለሚችል ልጆቹን ማታ ማታ ከጆሮ ኋላና ከፀጉር ሥር እያቸው። መዥገር ስትነቅይ በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግተሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ክብሪት፣ ጋዝ፣ ቅቤ አያስፈልግም። በጥፍር አታፍርጪው።

ነስር የዕብድ ውሻ ምልክት አይደለም። የዚያ ምልክቱ የጠባይ ለውጥ ነው፤ ያለ ምክንያት መናከስ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ የድምፅ መለወጥ፣ የመንጋጋ መንጠልጠል። ክትባቱ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይጀምራል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የማታውቂው ውሻ ልጅሽን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይዘሽው ሂጂ። ጠበል መውሰድ ከፈለግሽ ከክትባቱ ጋር ይሁን። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

የቡላ ባለቤት

ደርሰን መጣን። ትኩሳቱ 39.8 ነው። ደሙን አዩለት፤ ፕሌትሌቱ በጣም ጥቂት ነው አሉኝ። የመዥገር በሽታ ነው ተብሎ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ባለ 100 ሚሊግራሙን ሦስት ሦስት፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ28 ቀን። 84 ካፕሱል! ለእግሩ ሌላ ነገር አልሰጡትም። መገጣጠሚያው የሚያመው ከበሽታው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይሄ ይታከም፣ ካልተሻለው ዳሌው በራጅ ይታያል ተባልኩ። ከአባቱ በኩል የዳሌ ችግር ሊወርስ እንደሚችልም ነግረውኛል።

ማታ ደግሞ የሚተኛበትን ቤት በስልኬ መብራት ፈተሽኩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴን የሚያክል ቦታ ላይ ምስር የመሰሉ ነገሮች ተደርድረው አየሁ። በእንጨት ነካ ሳደርጋቸው እግር አወጡ። አንዷ ቆርቆሮው ሥር እስክትደርስ ግድግዳውን ወጣች። ገላዬን እያከከኝ ነው የምጽፍላችሁ።

መልስ፦ ከፋሲሎ

እሱን ካላጠፋህ መድኃኒቱን ጨርሶ እንደገና ይታመማል። ይህ መዥገር ሁልጊዜ ውሻው ላይ አይኖርም፤ ደም ይጠጣና ወርዶ ግድግዳ ውስጥ ይደበቃል፣ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ጆንያውን አቃጥል። ስንጥቁን በጭቃ ወይ በሲሚንቶ ድፈን። የሚረጨውን መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቀህ ግዛ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገመው፣ እንቁላሉ ስለሚፈለፈል። እስኪደርቅ ውሻውን ሌላ ቦታ እሰረው። ዳያዚኖን የሚባለውን የተባይ መርዝ ግን ገላው ላይ እንዳታደርግ፤ ጎረቤቴ አድርጎት ውሻው እየተንቀጠቀጠ አረፋ ሲደፍቅ አይቻለሁ።

መልስ፦ ከብት አርቢ፣ አባይ ማዶ

ልጄ፣ ይሁን፣ በመዥገሩ ተረታሁ። ሳሕኑን ግን አትጣለው። ውሃውን ከሐይቁ ሳይሆን ከቤት ጠጥቶ ይውጣ፤ አልቅቱ እዚያው ደንገሉ ሥር ነው ያለው።

የቡላ ባለቤት

እሺ ጋሼ። አራተኛ ቀኑ ነው። ነስሩ ቆሟል፣ ትናንት በር ሲንኳኳ ጮኸ። ችግሩ መድኃኒቱ ነው። በወተት ልስጠው ብዬ ነበር።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ

ወተትና አይብ የዶክሲሳይክሊንን ሥራ ይቀንሳሉ። ከሌላ ምግብ ጋር ስጠው፤ ከዋጠ በኋላ ውሃ ይጠጣ፤ ጉሮሮው ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል። ቢሻለውም 28 ቀኑን ሳትጨርስ አታቁም።

የቡላ ባለቤት

በገንፎ ሞከርኩ። ገንፎውን በልቶ ሦስቱንም ካፕሱል መሬት ላይ ደርድሮ አስቀመጠልኝ።

መልስ፦ ከፋሲሎ

የተቀቀለ ጉበት ሦስት ቁራሽ አዘጋጅ። መድኃኒቱ ሁለተኛው ውስጥ ይሁን። የመጀመሪያውን ባዶውን ስጠው። ሁለተኛውን ስትሰጠው ሦስተኛውን በሌላው እጅህ አሳየው። ሦስተኛው እንዳያመልጠው ሲል ሳያላምጥ ይውጣል። ለሦስቱም ካፕሱል እንዲሁ ደጋግመው።

የቡላ ባለቤት

ሠራ! አሁን የጉበት ጠረን በሸተተው ቁጥር በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።