ብዙ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ የቤዝ አምፕ ስመርጥ ምን ልይ?

ባለአራት_ክር

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። የቤዝ አምፕ ልገዛ ነው እና ምክር ፈልጌ ነው። ባለ አራት ክር ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ነው የምጫወተው፣ ከባንድ ጋር ሬጌም ፈንክም አንዳንዴ ጃዝም እንሰራለን ስለዚህ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ያለው አምፕ አይሆነኝም። አሁን ያለኝ ትንሽ ኮምቦ (አምፑና ስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ የሆነ) የቤዝና የትሬብል፣ ማለትም የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ ብቻ ነው ያለው፣ ቤት ብቻዬን ስጫወት በጣም ደስ የሚል ወፍራም ድምፅ አለው ግን ከድራምና ከሁለት ጊታር ጋር ስንገባ ምን እየተጫወትኩ እንደሆነ ለራሴም አይሰማኝም፣ ቤዙን ስጨምረው ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያጉረመርማል እንጂ ኖታው አይለይም። ሳይ ሳይ አንዱ ግራፊክ ኢኪው (ድምፁን በየቦታው የሚጨምሩበትና የሚቀንሱበት ስላይደሮች) አለው፣ አንዱ ፓራሜትሪክ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሶስት ማዞሪያ ብቻ ኖሮት ሁሉም ሰው ያወድሰዋል። ማዞሪያ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው? ዋትስ ስንት ይበቃኛል?

ሚድ_አትንኩብኝ

ማዞሪያ ቆጥረህ አትግዛ ወንድሜ። መጀመሪያ ሚዱን (የመሀሉን ድምፅ) እይ፣ ሚዱን በደንብ የሚያስነካህ አምፕ ሶስት ማዞሪያም ይኑረው አስር ይጠቅምሃል።

ለምን መሰለህ፣ የቤዝህ ወፍራሙ ክር ኢ ክፍቱን (ጣት ሳትጫንበት) ስትመታው 41 ሄርዝ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ስፒከር ደግሞ እሱን በደንብ አያወጣውም፣ ጆሯችን ኖታውን የሚለየው በአብዛኛው ከእሱ በላይ አብረው በሚወጡት ቀጠን ያሉ ድምፆች፣ ሃርሞኒኮች በሚባሉት ነው፣ ማለትም ከ80 ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ሄርዝ ድረስ ባለው። ታች ያለውን ቦታ ኪክ ድራሙ ይይዝብሃል፣ ላይኛውን ጊታሮቹና ሲምባሉ፣ አንተ የምትሰማበት ቦታ እዛ መሀል ነው እና ያንተ ኮምቦ መሀሉን የሚነካ ማዞሪያ የለውም። ሌላው ደግሞ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲሆን ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ያማረልህ አደራረግ ከባንድ ጋር ድምፁ ከፍ ሲል ቤዙ ከልክ ያልፋል፣ የሚያጉረመርመው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ ፍሪኩዌንሲው የሚንቀሳቀስ ሚድ ያለውን ነው፣ ፓራሜትሪክ የሚሉት ዓይነት። ሁለት ማዞሪያ ነው፣ በአንዱ የትኛው ቦታ ላይ እንደምትሰራ ትመርጣለህ በሌላው ትጨምራለህ ወይ ትቀንሳለህ። ለምሳሌ የአጉይላር ቶን ሃመር 500ን ብታይ ቤዙ 40 ሄርዝ ላይ ትሬብሉ 4 ሺህ ላይ የቆሙ ናቸው፣ ሚዱ ግን ከ180 እስከ 1 ሺህ ሄርዝ ይሄዳል፣ በዛች ብቻ ስንት ዓይነት ድምፅ ይወጣል። ለሬጌ ትሬብሉን ቀንሰህ ሚዱን ወደ 200 አውርደህ ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ፣ ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት) ስትመታ 500 አካባቢ ትንሽ ትቀንሳለህ፣ በጣት ጃዝ ስትጫወት 700 እና 800 አካባቢ ከፍ ስታደርገው ኖታዎቹ ይለያሉ፣ እነዚህ መነሻ ናቸው እንጂ ከቤዝህና ከክፍሉ ጋር ይለያያሉ። ነገሩ አዲስም አይደለም፣ አምፔግ 1969 ላይ ኤስቪቲን ሲያወጣ ሚዱ ላይ 220፣ 800 እና 3 ሺህ ሄርዝ የሚያስመርጥ ማብሪያ ነበረው።

ግራፊክ ኢኪው መጥፎ አይደለም፣ ግን ፍሪኩዌንሲዎቹ የተወሰኑ ናቸው፣ ችግርህ 350 ላይ ሆኖ ያንተ ስላይደር 250 እና 500 ላይ ከሆነ ሁለቱንም እየነካካህ ትቆያለህ።

ኦም_እና_ዋት

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ የዋቱን እኔ ልመልስ። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር አምፑ ሁለት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፣ 6 ዴሲቤል ከሆነ አራት እጥፍ። ቤዝ ማዞሪያውን ወደ ላይ ስትጠመዝዘው ጉልበቱን በሙሉ 40 ሄርዝ ይበላዋል እና አምፑ ቶሎ ይጨነቃል፣ በተለይ ትንሽ ኮምቦ። ስለዚህ ከመጨመር መቀነስ ልመድ፣ ኖታው እንዲለይ ከፈለግክ የቤዝ ማዞሪያውን ትንሽ አውርደህ ቮሊዩሙን ከፍ አድርገው።

ድራመርህ በዝግታ የሚመታ ከሆነ 100 ዋት ለልምምድ ያስኬዳል፣ ኃይለኛ ከሆነ ግን ከ300 ጀምረህ ብታስብ ይሻላል። ዋት ብቻ እያየህ እንዳትሸወድ ደግሞ፣ የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ (በአንድ ዋት ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ) 3 ዴሲቤል ከበለጠ ዋቱን እጥፍ እንዳደረግከው ነው። ሄድ (ስፒከር የሌለው አምፕ) ከሆነ የምትገዛው የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ 4 ኦም (የስፒከር የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ ነው፣ በአንድ ባለ 8 ኦም ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ያን ሁሉ አታገኝም። ሁለት ባለ 8 ኦም በፓራለል ስታገናኝ 4 ኦም ይሆናል፣ አምፑ ከሚችለው ዝቅተኛ ኦም በታች ግን በፍፁም እንዳትወርድ፣ ይሄ አምፕ የሚያቃጥል ነገር ነው።

ባለአራት_ክር

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ፣ የኮምቦዬ ነገር አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉንም ማዞሪያ መሀል ላይ ሳቆመው ፍላት (ምንም ያልተጨመረበት ያልተቀነሰበት) ነው አይደል? ኮንቱር ምናምን የሚሉት በተኖችስ ይጠቅማሉ?

ወፍራም_ድምፅ

ሁሌ አይደለም። በድሮው የፌንደር ዓይነት ፓሲቭ ቶን ኮንትሮል (ድምፁን የሚቀንስ እንጂ የማይጨምር) የተሰሩት ላይ ማዞሪያዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ መሀል ላይ ብታቆማቸውም ሚዱ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ያ ሶስት ማዞሪያ ኖሮት የሚወደደው አምፕ ምናልባት የዚህ ዓይነት ይሆናል፣ ድምፁ ያምራል ግን ከራሱ ባህሪ ብዙ አያወጣህም። አክቲቭ ኢኪው (መጨመርም መቀነስም የሚችል) ያለው ላይ ነው መሀሉ ወደ ፍላት የሚጠጋው።

ኮንቱር የሚሉት በተን አብዛኛውን ጊዜ ሚዱን ቆርጦ ታችና ላይ ከፍ የሚያደርግ ነው። ማርክቤዝ ላይ ቪፒኤፍ የሚባለው 380 ሄርዝ አካባቢ ሚዱን ይቀንሳል፣ ቪኤልኢ የሚባለው ደግሞ ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እየቆረጠ የድሮ ስፒከር ያስመስለዋል፣ ቪኤልኢው ለሬጌ አሪፍ ነው። ሚድ የሚቆርጠውን ግን አንተ አሁን ባለህበት ችግር ከባንድ ጋር አጥፋው።

ልትሞክር ስትሄድ የራስህን ቤዝ ይዘህ ሂድ፣ አምፑን ከግድግዳ ጥግ አውጣው ምክንያቱም ጥግ ላይ ቤዙ ሁሉ ያብጣል፣ ከዛ ድምፁን ባንድ ውስጥ እንዳለህ ያህል ከፍ አድርገህ አንድ ሀረግ እየደጋገምክ ሚዱን ከታች እስከ ላይ ቀስ ብለህ አዙረው። በየቦታው ግልፅ ለውጥ የሚሰማህ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ማዞሪያው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ተወው። ዲአይ መውጫው (ወደ ሚክሰር የሚያገናኘው) ከኢኪው በፊትና በኋላ የሚቀያየር በተን እንዳለውም እይ፣ መድረክ ላይ ለራስህ ሚዱን ስትነካካ ወደ ሚክሰር የሚሄደው እንዳይረበሽ። ለመሆኑ ስትጫወቱ ቤዙ በሚክሰር ነው የሚወጣው ወይስ በአምፑ ብቻ? በአምፑ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ካቢኔት የሚቀበል ብትወስድ ይሻልሃል።