100 ሚሊዮን ብር መንገድ ላይ ቢወጣ ፍላጎት በስንት ያድጋል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ ብር 80 ሳንቲሙን ካወጣ፣ 1 ለ0.2 ሲካፈል ማባዣው (አንድ ብር ወጪ ጠቅላላውን ፍላጎት በስንት ብር እንደሚያሳድግ የሚነግረው ቁጥር) 5 ይመጣል። ታዲያ መንግሥት እዚህ 100 ሚሊዮን ብር ለመንገድ ቢያወጣ እውነት 500 ሚሊዮን ይሆናል? ክራውዲንግ አውት የሚሉትስ፣ የመንግሥት ወጪ የግሉን ሲያፈናቅል ማለት ነው፣ ከየቱ ላይ ነው የሚቀነሰው?

ሒሳበኛው፦ 5 የሚመጣው ግብርም የውጭ ዕቃም ከሌለ ነው። ለምሳሌ ያህል ግብሩን 15 ከመቶ፣ ከገቢ ለውጭ ዕቃ የሚወጣውን 25 ከመቶ አድርገው። አካፋዩ 1 − (0.8 × 0.85) + 0.25 = 0.57፣ ማባዣው 1.75 ገደማ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው፤ 100 ሚሊዮኑን እንዳለ ያባዛዋል። ናፍጣው፣ ግሬደሩ፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። 60 ሚሊዮኑ ለእነሱ ከሄደ አገር ውስጥ የሚዞረው 40 ብቻ ነው። ከግብሩና ከውጭ ዕቃው በኋላ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፈው 43 ከመቶው (0.68 − 0.25) ስለሆነ፣ በየዙሩ 40፣ 17.2፣ 7.4፣ 3.2 እያለ ይሟሟል፤ ድምሩ 70 ሚሊዮን፣ ከወጣው በታች! ኮብልስቶን ቢሆን ግን ድንጋዩ እዚያው ይፈለጣል፣ ጠራቢውም አንጣፊውም የሰፈር ልጅ ነው። 80 ሚሊዮኑ እዚሁ ከቀረ 140 ይደርሳል።

ባንክ ቤት፦ ሁለተኛው ጥያቄህ ገንዘቡ ከየት መጣ ከሚለው ይጀምራል። መጽሐፉ መንግሥት ሲበደር ወለድ ይወጣል፣ ነጋዴው ይሸሻል ይላል። እኛ ዘንድ ግን ወለዱ ሳይንቀሳቀስም ብድር ይጠፋል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንክ 1 ሚሊዮን ብር ባበደረ ቁጥር የ270 ሺህ ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ይገደድ ነበር። ሰነዱ ሲጀመር የሚከፍለው 3 ከመቶ፣ ባንኩ ለቆጣቢ የሚከፍለው ዝቅተኛው 5 ከመቶ ነበር። ቡሬ ላይ ዱቄት ፋብሪካ ሊያቆም ብድር የጠየቀ ሰው «ወለዱ ተወደደ» አይባልም ነበር፤ «ወረፋ ጠብቅ» ነበር የሚባለው። ከማባዣው ላይ የምትቀንሰው ያ ያልተተከለ ፋብሪካ ነው።

መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ቢወስድ ወረፋው ይቀርና ዋጋ ይንራል።

ገበሬ ልጅ፦ የሰው ጉልበትም እኮ ይሻማል። ሥራው ኅዳር ላይ ቢከፈት ጤፍ አጫጁን ከማሳ ይወስደዋል፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይወጣል እንጂ ምርት አይጨመርም። አውድማው ከተነሣ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ቢሆን ግን ቦዝኖ የተቀመጠ እጅ ነው የሚገባው።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። መንግሥት ሳይበደር በግብር ቢሸፍነውስ?

ሒሳበኛው፦ የውጭ ዕቃውን ትተህ፣ ግብሩም ቁርጥ (ከገቢ ጋር የማይለዋወጥ) ከሆነ፣ የወጪው ማባዣ 5 ነው፤ ግብር ሲከፈል ግን ሰው መጀመሪያ ከወጪው የሚቀንሰው ከብሩ 80 ሳንቲሙን ብቻ ስለሆነ የግብሩ −4 ነው። 100 ሚሊዮን ወጥቶ 100 ሚሊዮን ይጨመራል፤ ፈተና ላይ 0 ብለህ እንዳትጽፍ።