እናቴን ይዤ የአጼ ቴዎድሮስን ሐውልትና የፒያሳን ሱቆች እንዴት ልዙር?

ጥያቄ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። እናቴ የመይሳው ካሳን ታሪክና ፉከራ እየሰማች ነው ያደገችው። «ፒያሳ ያለውን ሐውልት ሳላይ አልሞትም» ትላለች። በሚመጣው ሳምንት ይዣት እመጣለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ አትራመድም። ነጠላና ቅመምም መግዛት ትፈልጋለች። ከየት እንጀምር?

የአራዳ ልጅ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ ወንድሜ። ቅዳሜን ምረጥ፣ ያውም ጠዋት። ሐውልቱ ጋ ፎቶ ተነሡና ጃን ተከል ዋርካ ሥር አረፍ በሉ። የፋሲል ግቢም እዚያው አጠገብ ነው። የግቢውን ትኬት እንዳትጥለው፣ ጥምቀተ ባሕሩ ጋም ይጠይቁሃል። ወደ ቅዳሜ ገበያ ግን በእግር እንዳትሞክሩ፤ ለእማማ ባጃጅ ያዝላቸው።

ባለ ሱቋ፦ ነጠላ ስትገዙ ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩ። ጀርባውም ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ሸማኔ ነው የሠራው። የእጅ ፈትል ክሩ ወጣ ገባ ይላል፤ ወጥ ከሆነ የፋብሪካ ነው። የፋብሪካውን በፈትል ዋጋ እንዳይሸጡላችሁ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ሳይፈጭ ግዙ። የተፈጨ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ዋጋውን እናታችን ይከራከሩ፣ አንተ ዝም በል። ለእናት ይቀንሳሉ።

መምህር ነኝ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ይችን ከተማ ዘርፈው አቃጥለዋል፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም ጭምር። ያም ሆኖ ጎንደሬ ይወዳቸዋል። አገር አንድ ለማድረግ መነሣታቸውና መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ማለታቸው ይበልጥበታል። ሐውልቱ ሥር ስትቆሙ ሁለቱንም አስታውሱ። ጊዜ ከተረፋችሁ እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሳያቸው። ድርቡሽ (የሱዳን ማህዲስት ጦር) በ1880 ዓ.ም. ሲመጣ ንብ ተነሥቶ አባረረው እየተባለ ይተረካል፤ እናትህ ይሄን ይወዱታል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! የሸክላ ምስልስ ከየት ይገኛል? ለልጆቼ ፈልጌ ነበር።

የአራዳ ልጅ፦ ወለቃ ነዋ! በደባርቅ መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ሠርተው ይሸጣሉ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል።

ባለ ሱቋ፦ በጥምቀት ሰሞን ግን እናትህን ይዘህ አትምጣ። መቆሚያ አይገኝም።