ሞርሳዬ ይጠብቃል፣ አልከፈት ግን አለ! እርዱኝ (ድሬዳዋ)

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። ከቁራሌው የገዛሁትን አሮጌ ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዘውን) ጠረጴዛዬ ላይ አሰርኩት። ከባድ ነው፣ በጣም ወድጄው ነበር። አሁን ወደ ግራ ሳዞረው ብሎኑ ብቻውን ይወጣል፣ መንጋጋው ንቅንቅ አይልም። የደንበኛ በር ማጠፊያ እንደነከሰ ቀረ። ለነገ ጠዋት ቀጥሬዋለሁ!

ቀፊራ፦
ናፍጣ አፍስስበትና ይደር።

ሳቢያን 2፦
አቦ፣ ማጠፊያውን ወዶታል መሰለኝ 😄 ለምን አዲስ አትገዛም? በአሮጌ ዕቃ ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?

ባለ ቶርኖ፦
አሮጌውንማ አትናቁት። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጀምሮ ይህ ከተማ ብረት ያውቃል። ሸማንደፈር (የባቡሩ ድርጅት) ወርክሾፕ የሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ጊዛ ነው ወይስ ብረት?” ብሎ ነው። ጊዛ ማለት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ተሰባሪ ብረት ነው። ልጄ፣ በማይታይ ቦታ ግራይንደር አስነካው። ብልጭታው ረጅምና ደማቅ ከሆነ ብረት ነው። አጭርና ቀላ ያለ ከሆነ ጊዛ ነው። ጊዛ በመዶሻ ሲመታ ይሰነጠቃል። ቢሰበርም በተራ ኤሌክትሮድ አትበይደው፤ ኒኬል ያስፈልገዋል፣ ቀድሞ መሞቅና ቀስ ብሎ መቀዝቀዝም አለበት። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክተህ ማጥበቅ ደግሞ ተው፣ ብዙ ሞርሳ የሚሞተው በዚያ ነው።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ማጠፊያው አሁንም አልወጣም!

ለገሃሬ፦
ናፍጣ ሞክረሃል? ካልሆነ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅለህ ጠብ ጠብ አድርግበት።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦
አቦ፣ ብሎኑ በደንብ ይዞራል እኮ!

ከዚራ፦
ጥያቄውን አንብቡለት እንጂ። ይጠብቃል ብሏል፤ ስለዚህ ዳዶው (ብሎኑ የሚዞርበት) ጤነኛ ነው። ዳዶው ተበልቶ ቢሆን ኖሮ መንከስም አይችልም ነበር። የተበላሸው ብሎኑን ከፊተኛው መንጋጋ ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ወይም ፒን ነው። ሲላላ መንጋጋውን የሚጎትተው እሱ ነው። ለዛሬ ብሎኑን ጥቂት ዙር አላላው። ከዚያ መንጋጋውን በእጅህ ሳበው፤ እምቢ ካለ በእንጨት ቁራጭ ግራና ቀኙን ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው። ማጠፊያው ይለቃል፣ ሥራህን ታስረክባለህ።
ነገ ብሎኑን ጨርሰህ ፍታና መንጋጋውን አውጣው። ከብሎኑ ራስ አጠገብ፣ መንጋጋውን እንዳለፈ፣ ቀዳዳ ካለ ወፍራም ሮንዴላና ፒን ይበቃዋል። ዙሪያውን የተቆረጠ ጎድጓዳ መስመር ከሆነ ግን ልኩን ይዘህ ቶርኖ ቤት ቀለበት አሠራ። የብሎኑን ጥርስ አጥበህ ግራሶ ቀባውና መልሰህ ግጠመው። እንዲህ ያለ ሞርሳ አይጣልም።

ቀፊራ፦
እኔ አሁንም ናፍጣ ነው የምለው።

ባለ ቶርኖ፦
ከዚራ ልክ ነው። ልጄ፣ ስትፈታው ፎቶ ላክልን። ቀዳዳ ነው ወይስ መስመር?