ነገ ፈተና አለብኝ፣ የሲኩዌንስ ጥያቄ አልመጣልኝ አለ

ንጋት፦
እባካችሁ ፍጠኑልኝ፣ ነገ ጠዋት ነው የምፈተነው። አርቲሜቲክ ሲኩዌንስ (በእኩል ልዩነት የሚሄድ የቁጥሮች ተርታ) ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። 5ኛው ተርም (በተርታው 5ኛው ቁጥር) 18፣ 12ኛው ተርም 46 ነው፤ 20ኛው ስንት ነው ይላል። እኔ 74 አገኘሁ። መልሱ ግን 78 ነው ተብሏል። ሦስቴ ሠራሁት፣ ሦስቴም 74። ደግሞ 74 ምርጫ ውስጥ አለ! መልሱ ተሳስቶ ነው አይደል? አቋራጭ ፎርሙላ ያለው ይላክልኝ። ካልኩሌተር አይፈቀድም።

እርሳስ፦
ፎርሙላው ይሄ ነው፦ ነኛው ተርም = የመጀመሪያው ተርም + (ነ − 1) × ልዩነቱ። ነ የተርሙ ተራ ቁጥር ነው፣ ልዩነቱ ደግሞ በሁለት ተከታታይ ተርሞች መካከል ያለው። ፎርሙላውን ብቻ ያዢ።

ንጋት፦
እሱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። እሱን ተጠቅሜ ነው 74 ያገኘሁት።

ጋሽ ስሌት፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። በፈተና ዋዜማ መጣደፍ የሚያውቁትን ያስረሳል። አርቲሜቲክ ሲኩዌንስ ማለት በእኩል እርምጃ መሄድ ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1777 የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ልጅ ሳለ ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ ተብለው፣ እሱ ወዲያው 5050 አለ ይባላል። 1ን ከ100፣ 2ን ከ99፣ 3ን ከ98 አጣመረ። እያንዳንዱ ጥንድ 101 ነው፣ ጥንዶቹ ደግሞ 50 ናቸው። ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ባንቺም ጥያቄ ይሠራል። 5 እና 12 ሲደመሩ 17፣ 1 እና 16ም ሲደመሩ 17። ስለዚህ የ1ኛውና የ16ኛው ተርም ድምር ከ5ኛውና ከ12ኛው ድምር ጋር እኩል ነው፦ 18 + 46 = 64። የመጀመሪያዎቹን 16 ተርሞች ደምሪ ብትባዪ፣ የመጀመሪያውን ተርም ሳትፈልጊ 8 × 64 = 512 ብለሽ ትጨርሻለሽ።

ንጋት፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ድምር አልተጠየቅኩም 😭 20ኛውን ነው።

የኋላ ወንበር፦
ግራ እጅሽን ዘርጊ። ጣቶችሽ ስንት ናቸው? በመካከላቸው ያለው ክፍተትስ?

እርሳስ፦
ለቀልድ ጊዜ የላትም፣ ነገ ፈተና አለባት። ንጋት፣ ፎርሙላውን ደግመሽ ሥሪበት፦ የመጀመሪያው + (ነ − 1) × ልዩነቱ።

ሰናይ፦
እኔ ግን መልሱ ተሳስቷል በሚለው አልስማማም። 78 ትክክል ነው። አቋራጭ ፎርሙላም አያስፈልግሽም። ልዩነቱን እንዴት እንዳገኘሽ አሳዪን። 74 ከየት መጣ?

ንጋት፦
46 ሲቀነስ 18 = 28። ከ5 እስከ 12 ደግሞ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12 ብዬ ስቆጥር 8 ናቸው። 28 ለ8 ሲካፈል 3.5። ከዛ ከ12 እስከ 20 ያለው 8 ነው፣ 8 × 3.5 = 28። 46 + 28 = 74። የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?

ሰናይ፦
አገኘሁት። ከ12 እስከ 20 ስትሄጂ 20 − 12 = 8 ብለሻል፣ ትክክል። ከ5 እስከ 12 ስትሄጂ ግን አልቀነስሽም፣ ቁጥሮቹን ነው የቆጠርሽው። እዚህም ቀንሺ፦ 12 − 5 = 7። የተጻፉት ቁጥሮች 8 ናቸው፣ እርምጃው ግን 7 ነው። ጣትና ክፍተት ያለሽ ልጅ ይሄንኑ ነው የነገረሽ፤ ጣት 5፣ ክፍተት 4።

እይው፦ 18፣ 22፣ 26፣ 30፣ 34፣ 38፣ 42፣ 46። ስምንት ቁጥር፣ ሰባት ጊዜ 4 መጨመር። 28 ለ7 = 4። ከዛ 46 + 8 × 4 = 78። ወደ መጀመሪያው ተርም መመለስም አያስፈልግም፣ ከ12ኛው ተነስቶ መሄድ ይቻላል።

74 ምርጫ ውስጥ የተገኘው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ሆን ብለው ያስገቡታል። 82ም ካለ እሱም ወጥመድ ነው፤ የመጀመሪያውን ተርም 2ን ይዞ (ነ − 1) በማለት ፈንታ በ20 ያባዛ ሰው እሱን ያገኛል። መልስሽ ምርጫ ውስጥ ስላለ ብቻ አትመኚው። ልዩነቱን መልሰሽ ፈትሺ፦ 18 + 7 × 3.5 = 42.5 ነው፣ 46 አይደርስም።

ንጋት፦
ወይኔ! 82ም አለ!! ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስቆጥር ነበር ማለት ነው። እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። አንድ ብቻ ልጨምር፦ የመጀመሪያዎቹ ነ ተርሞች ድምር 3ነ² + 2ነ ነው፣ 10ኛው ተርም ስንት ነው? 10ን ተክቼ 320 አገኘሁ፣ ምርጫ ውስጥ አለ። ይሄስ?

እርሳስ፦
ትክክል ነሽ፣ 300 + 20 = 320።

ሰናይ፦
አይደለም፣ ቆይ። 320 የአስሩ ተርሞች ድምር ነው። የተጠየቀው 10ኛው ብቻ ነው። የዘጠኙን ድምር ቀንሺበት፦ 9ን ስትተኪ 243 + 18 = 261። 320 − 261 = 59።

ጋሽ ስሌት፦
ትክክል። ማረጋገጫ ልስጥሽ ልጄ። 1ን ብትተኪ 5 ነው፣ እሱ የመጀመሪያው ተርም ነው። 2ን ብትተኪ 16፤ 16 − 5 = 11 ሁለተኛው ነው። ልዩነቱ 6። 5 + 9 × 6 = 59። በሁለት መንገድ አንድ ቦታ ከደረስሽ ልብሽን ጥለሽ ወደሚቀጥለው እለፊ። «ድምር» የሚለውን ቃል ባየሽበት ሁሉ አስምሪበት።

የኋላ ወንበር፦
ከመተኛትሽ በፊት አንድ ሞክሪ። ከ100 እስከ 300 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ለ7 ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ስንት አሉ? አሁን የሚቆጠረው ጣቱ ነው እንጂ ክፍተቱ አይደለም።

እርሳስ፦
የመጀመሪያው 105፣ የመጨረሻው 294። 294 − 105 = 189፣ ለ7 ሲካፈል 27።

የኋላ ወንበር፦
27 ክፍተቱ ነው እርሳስ። ጣቱ 28 ነው፣ 1 ጨምር።

እርሳስ፦
እህ፣ አሁን ገባኝ። ቅድም ቀልድ ነው ያልኩህን ይቅርታ።

ሰናይ፦
ንጋት አለሽ? ይሄኛውን ሞከርሽው?

ጋሽ ስሌት፦
ተዋት፣ ተኝታ ይሆናል። ነገ እንዴት እንደነበር ትነግረናለች።