ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ቴስታታ፦ የቱ ጓርኒሲዮን፣ የቱ ማስቲሽ፣ የቱ ሥራ? (ጥቆማ)

«ቴስታታው ላይ ምን ልቀባበት?» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ቴስታታ ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ማስቲሽ ደግሞ ከቱቦ የሚወጣው የሚቀባ ማሸጊያ ነው። ሞተር አውርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የቀየረ፣ ቫልቮላ (ቫልቭ) ያስፈጨ ሰው ደክሞት ስለሚደርስበት ነው መሰለኝ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ተአምሩን ከቱቦ ይጠብቃል። እኔም የመጀመሪያ ሞተሬን ስገጥም ጥቁር ሲሊኮን በሁለቱም ፊት ለቅልቄ ዘጋሁት። ሳምንት ሳይሞላ ዘይት ያዛ ጀመር። ስከፍተው የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ፣ ተቆራርጦ፣ የዘይቱ ወንፊት ላይ እንደ ትል ተጋድሞ አገኘሁት። ትንሽ ብዘገይ የዘይት መንገዱ ተደፍኖ ሌላ ወጪ ውስጥ እገባ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፣ ልኬት ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ በቁመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ አጋድሙና ከሥሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩበት ስስ የብረት ቅጠሎች) ሞክሩ። የ0.05 ሚሊሜትሩ ቅጠል የትም ካልገባ ደህና ናችሁ። የፋብሪካ መመሪያዎች እንደ ሞተሩ ከ0.03 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ይፈቅዳሉ፤ የራሳችሁን ሞተር መመሪያ ካገኛችሁ የኔን ትታችሁ እሱን ስሙ። የሲሊንደሩንም የላይኛ ፊት ለኩ። ቴስታታውን ብቻ አስተካክሎ የተጣመመ ሲሊንደር ላይ የሚያስር ሰው ብዙ ነው።

አንድ በነጻ የሚገኝ ነገር ደግሞ አለ። ብሎን ወይም ስቱድ (ራስ የሌለው ብሎን) የሚገባባቸውን ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አፋቸውን በጣት ዳብሱ። ለዓመታት ሲጠብቅ ሲላላ የኖረ ቀዳዳ የመጀመሪያዋ ጥርሱ ወደ ላይ ተስባ ቀለበት የመሰለች ጉብታ ታበጃለች። በዓይን አትታይም፤ ጓርኒሲዮኑን ግን ከዙሪያዋ አንስታ ትይዘዋለች። አፉን በሰፊ የመሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ እያዞራችሁ በጥቂቱ ማጎድጎድ ብቻ ነው። ይህን ሳያደርጉ ሦስት ጓርኒሲዮን የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥርሱ ጨርሶ ከተበላ ሄሊኮይል ወይም ታይም ሰርት የሚባሉትን ምትክ ጥርሶች አስገቡ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የሽቦ ጥቅልል የሆነው ሄሊኮይል ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ስቱዱ በተደጋጋሚ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ ግን ድፍን ቱቦ የሆነው ታይም ሰርት ይሻላል። በተለይ በአየር የሚቀዘቅዙት አሮጌ የቢኤምደብሊው ቦክሰሮች ስቱዶቻቸው ከአሉሚኒየሙ ካርተር (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ጥርስ ነቅለው የመውጣት ጠባይ አላቸው፤ ቁልፉ እየዞረ አልጠብቅ ካለ እዚያው አቁሙ።

አሁን ፊቱን ማስተካከል፦ በእጅ ወይስ ሬክቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎችን በማሽን የሚያስተካክሉበት)? ጥመቱ ትንሽ ከሆነና ከፊቱ ወጣ ያለ ነገር ከሌለው በእጅ ይሠራል። ወፍራም መስታወት ላይ ባለ 400 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርጉ፣ ፊቱን በማርከር አስምሩበት፣ ከዚያ ጫና ሳታበዙ የ8 ቁጥር እየሠራችሁ እሹት። መስመሩ ያልጠፋበት ቦታ ጎድጓዳው ነው። ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ግን ክንዳችሁን አታድክሙ፤ ለፍሬዛ (ብረት ለሚልገው ማሽን) ስጡት። ስትሰጡ ደግሞ «አስተካክልልኝ» ብላችሁ አትሂዱ። ስንት እንደምታስነሱ ራሳችሁ ተናገሩ፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ በተነካበት ቅጽበት እንዲያቆም ንገሩት። የተነሳው ብረት አይመለስም። ኮምፕሬሽኑ (ጋዙ የሚታመቅበት መጠን) ይጨምራል፣ ቫልቮላና ፒስተን ይቀራረባሉ፣ ካሙ (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታው ላይ ሆኖ በካቴና በሚነዳበት ሞተር ደግሞ የካሙ ጊዜ በትንሹ ወደ ኋላ ይዘገያል። ቅርበቱን ለማየት ፒስተኑ አናት ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ አድርጎ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ማዞር ይበቃል።

ወደ ጓርኒሲዮኑ እንምጣ።

የመዳቡን እወደዋለሁ፤ ግን ለሁሉም አይሆንም። ከብረት የተሠራ ሲሊንደር ላላቸው የድሮ እንግሊዞች፣ እንደ ትራያምፍና ቢኤስኤ ላሉት፣ ምርጫዬ እሱ ነው። እሳትን እንደ መዳብ የሚያግድ የለም፤ ዘይትን ለማገድ ግን ደካማ ነው። በየውፍረቱ ስለሚገኝ ብዙ የተላጨን ቴስታታ ኮምፕሬሽን ለመመለስም ያገለግላል። ሲጨመቅ ስለሚደድር ከመግጠማችሁ በፊት አለስልሱት፤ ሰሪው ለስላሳ ነው ካላለ አዲሱንም። ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ቦታ ዙሪያውን በእሳት አሙቁት፣ ጠቆር ያለ ቅላት ሲይዝ ውሃ ውስጥ ንከሩት። «ውሃ ካስገባኸው እንደ ጎራዴ ይደድራል» የሚል አለ፤ ያ የብረት ነገር ነው። መዳብ በውሃም ቀዘቀዘ በአየር ያው ለስላሳ ነው፤ ውሃው የሚጠቅመው የተቃጠለውን ቅርፊት ስለሚያራግፍ ነው። የአሉሚኒየም ጓርኒሲዮንም ይለሰልሳል፤ እሱ ግን ቅላት ሳያሳይ ስለሚቀልጥ ሳሙና ቀብታችሁ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አንሱ።

ለአሮጌ ጃፓኖች ከተነባበረ ቃጫና ብረት የተሠራው፣ ኮምፖዚት የሚባለው ይሻላል። ትንሽ ጭረትን ይሸፍናል፣ ዘይትንም ይይዛል። ደረቁን ግጠሙት፤ አንዴ ከተጨመቀ በኋላ አትድገሙት። ብዙ ንብርብር ስስ ብረት የሆነው ኤምኤልኤስ ከሁሉም ዘላቂ ነው፤ ሲበዛ ግን ቀበጥ ነው። በማሽን በደንብ የለሰለሰ ፊት ይፈልጋል፤ መስታወት ላይ በእጅ ለታሸ ቴስታታ አልመክረውም። ጓርኒሲዮን የሌላቸውም አሉ። ቬስፓ ፒኤክስ ለምሳሌ ብረት ለብረት ነው የሚገጥመው፤ እዚያ ሥራው በሙሉ ፊቱ ነው።

የወጣው አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት። ውሃ አርከፍክፉበት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ አታቅርቡበት።

አሁን ቱቦዎቹ። በኔ ሳጥን ውስጥ ለቴስታታ የሚገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተሮች ጋር የተወለደው ሰማያዊው ሃይሎማር ነው። እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል፤ ዋናው ጸጋው አለመድረቁ ነው። ቴስታታና ሲሊንደር ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ እሱ አብሯቸው ይንሸራተታል። ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ ግጠሙ። ሁለተኛው የመዳብ ስፕሬይ ነው፤ የፐርማቴክሱ እስከ 260 ዲግሪ ገደማ ይይዛል። ለመዳብ ጓርኒሲዮን ከሃይሎማር ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ በሁለቱም ፊት ስስ አድርጎ መርጨት ብቻ ነው። ስሪቦንድ 1184 የሚባለው ማስቲሽ ግሩም ነው፤ ቦታው ግን ካርተሩ ነው። ሲሊኮንን በተመለከተ ከላይ ያወራሁት ይበቃል።

አንድ ወንድም «ትራያምፌ ሁሉን አድርጌ አሁንም ያዛል» ብሎ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ የፑሽሮድ (የካሙን ግፊት ከታች ወደ ቫልቮላው የሚያደርሰው ዘንግ) ቱቦዎቹን ጎማ ተመልከት። ጓርኒሲዮኑን፣ ቱቦዎቹንና አዳዲስ ጎማዎቹን አስቀምጠህ ቴስታታውን ያለ ብሎን ጫንበት፤ በቴስታታውና በጓርኒሲዮኑ መካከል ከ0.75 እስከ 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ነው የሚፈለገው። ከዚያ ከበለጠ ጎማዎቹ ቴስታታውን ተሸክመው ጓርኒሲዮኑን እንዳይጨመቅ ያደርጉታል፤ ካነሰ ዘይቱ በቱቦው ሥር ይወርዳል። ጎማውንም ሆነ የዘይት መንገድ ኦሪንጎችን ስትገዛ ቫይተን (ሙቀት የሚችለው የጎማ ዓይነት) በል። ተራው ናይትራይል ከ100 እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደክም ቫይተን ወደ 200 ይደርሳል፤ ቴስታታ ሥር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከመሣሪያ አንድ ብቻ ግዙ ብባል ቶርክ ቁልፍ (ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ነው የምለው። ብሎን ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ነው ለመጨቆን የሚውለው፤ ቀሪውን ሰበቃ ይበላዋል። ለዚህ ነው የዛገ ጥርስ ቁልፉን «ጠብቋል» ብሎ የሚያስዋሸው። ጥርሱን አጽዱ፣ መመሪያው ዘይት ካለ ዘይት፣ ደረቅ ካለ ደረቅ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሰያፍ፣ በሦስት ዙር አጥብቁ።

የመዳብና የኮምፖዚት ጓርኒሲዮን በመጀመሪያው ሙቀት ይሰምጣል። ስለዚህ ሞተሩን በደንብ አሙቃችሁ፣ ሌሊቱን አሳድራችሁ፣ በማግስቱ ቅዝቅዝ ሲል አንድ በአንድ ሩብ ዙር እያላላችሁ ወደ ልኩ መልሱ። ከዚያ የቫልቮላውን ክፍተት እንደገና ለኩ፤ በፑሽሮድ ሞተር ቴስታታው ሲወርድ እሱም ይጠባል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለውና ቫልቮላው ሲቃጠል ቤንዚኑን ይወቅሳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ዘይት ካያችሁ ቴስታታውን ለማውረድ አትቸኩሉ። ሞተሩን አጥባችሁ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ ጥቂት ነድታችሁ ተመለሱና ፓውደሩ የረጠበበትን ተከተሉ። በኔ ላይ ሁለት ጊዜ ከሮከር ክዳኑ (ከቴስታታው በላይ ካለው ሽፋን) ሆኖ ተገኝቷል፤ ነፋሱ ወደ ታች እየገፋ ቴስታታውን ያስወነጅለው ነበር።