ሱባ ጫካ በቪትዝ ይገባል? ከአባቴና ከልጄ ጋር ልሄድ ነው

ባለቪትዟ፦
ሰላም ናችሁ? ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ጫካ ለመሄድ አስበናል። እኔ፣ የ9 ዓመት ልጄና የ67 ዓመቱ አባዬ ነን። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄድም። ልጄ ደግሞ ዝንጀሮ የሚያውቀው በስልክ ነው። ያለችን መኪና ቪትዝ ናት፤ እዚያ ድረስ ትገባለች? ጫፉ ድረስ መውጣትስ ለነሱ ይከብዳል? ሌላው ግራ ያጋባኝ፣ ስልኬ ላይ «መናገሻ» ብዬ ስፈልግ በአምቦ መንገድ ይመራኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ ግን በጅማ መንገድ ነው ትላለች። ማንን ልመን?

ወጨጫ ሥር፦
እህቴ፣ ባልደረባሽን እመኛት። መናገሻ የሚባለው ተራራ ሌላ፣ ሱባ ጫካ ሌላ። የመናገሻ ማርያም ያለችበት ተራራ በአምቦ መንገድ ሆለታ ሳትደርሺ ነው። ሱባ ግን በወጨጫ ተራራ በደቡብ ምዕራቡ ጎን ነው፤ በጅማ መንገድ ሄደሽ ሰበታ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፊያለሽ። እኛ አንዴ ከሠርግ ማግስት እንግዳ እናዝናና ብለን በሁለት መኪና ወጣን። አንዱ መኪና «መናገሻ» ሲባል አምቦ መንገድን ይዞ ነጎደ። ምሳው ደግሞ ያለው እዚያኛው ውስጥ ነበር! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን።

ቪትዟን በተመለከተ፣ እኔ ሰበታ ተወልጄ ስላደግሁ መንገዱን አውቀዋለሁ ባይ ነበርኩ። መስከረም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ይዤ ገባሁ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ሊጥ ነው። ጎማው በባዶው ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ጥንድ በሬ አምጥተው ጎተቱን። ሰውየው ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ መኪናዬን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ልትሸጣት ነው ያመጣሃት?» አሉኝ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሬቱ ይጠነክራል፤ ችግሩ ግን የጎማው ቦይ ደርቆ ጉድባ ሆኖ ይቀራል። የቪትዝ ሆድ ደግሞ መሬት ላይ ነው። ሰበታ አቁሚያትና ከፍ ያለ መኪና ተከራይታችሁ ግቡ።

ጫፉን እርሽው። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው። ከበሩ ስትነሺ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለብሽ ማለት ነው። ለ9 ዓመት ልጅ «ትንሽ ቀረን» እያልሽ የምትዋሺበት ብዛት ያሳፍርሻል። የዚህ ጫካ ውበት ያለው ታች ነው፤ ትልልቆቹ ጥድና ዝግባ ያሉት እዚያ ነው። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ነፋስ ብቻ።

በማለዳ ግቡ። ጉሬዛ ማለዳ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ነው እንደልብ የሚታየው። አያቴ «መነኩሴው» ነበር የምትለው፤ ነጭና ጥቁር ለብሶ ቅጠል እየበላ፣ ከዛፍ ሳይወርድ ይውላል። ልጅሽ እጁን አተኩሮ እንዲያይ ንገሪው፤ አውራ ጣት የለውም። ጦጣና ዝንጀሮ ግን ሌላ ጉድ ናቸው፤ ፌስታል ካዩ የሰው ናቸው አይሉም። ምግባችሁን ዚፕ ባለው ቦርሳ ያዙ። የምኒልክ ድኩላ ልታዩ ትችላላችሁ፣ ወንዱ ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው፤ እሱን ለማየት ግን ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ከ9 ዓመት ልጅ ጋር እንግዲህ እግዜር ይርዳሽ።

ለአባትሽ የሚሆን ወሬም አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) ተራራው ተራቁቶ አይተው፣ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ ያለው በአንኮበርና በደብረ ሲና በኩል ነው፤ ያን ዘር በበቅሎ ጭኖ እዚህ ማምጣት በዚያ ዘመን የስንት ቀን መንገድ እንደነበር እሳቸው ይንገሯችሁ።

ሱሪያችሁ ረጅም ይሁን፣ ከመንገዱ ዳር ሳማ አለ። አስጎብኚ በሩ ላይ ያዙ፤ ቀጭን መንገዶቹ ይምታታሉ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፤ ኔትወርኩ ሲፈልግ ነው የሚመጣው።

ኮቴ፦
ወጨጫ ሥር አጋነንከው ወንድሜ። እኛ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሥተን እኩለ ቀን ሳይሆን ጫፍ ላይ ነበርን። ሱባ ሄዶ ጫፍ ሳይወጡ መመለስ ሠርግ ቤት ሄዶ ውኃ ጠጥቶ እንደመውጣት ነው።

ወጨጫ ሥር፦
ኮቴ፣ እናንተ ስንት ዓመታችሁ ነበር? እሷ ያለችው የ67 ዓመት አባት ነው። ለነገሩ አንተ ሠርግ ቤት የምትሄደው ለምሳው ብቻ ከሆነ አልፈርድብህም።

ነጭ ጋዋን፦
ባለቪትዟ፣ አባትሽ የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን አማክሪ፤ የዚያን ቀን ጠዋትም እንዳይዘሉት። ውኃ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር አይነስ። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ሰበታ ያለ ሰው ደውለሽ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቂ። ካልተመቸ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ አገር በቀል ዛፍ ለልጅ ለማሳየት አያንስም።

ባለቪትዟ፦
ተመልሻለሁ! ሄደን መጣን። ቪትዟ ሰበታ አንድ ዘመድ ግቢ ውስጥ ዋለች፤ እኛ በተከራየነው መኪና ገባን። ጉድባውን ሳይ ወጨጫ ሥርን በልቤ መረቅሁት።

ጉሬዛ ያየነው ገና ከበሩ ብዙም ሳንርቅ ነው፣ ሰባት ይሆናሉ። ልጄ ጮኸና ግማሾቹ ጠፉ። የቀሩትን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን አየናቸው፤ አውራ ጣቱን ለማየት የአባዬን መነጽር ነጥቆ አድርጎ ምንም ሳይታየው ቀረ። ከዚያ «ሽንቴ መጣ» ብሎ ከመንገድ ወጣ አለና ሳማ ላይ ቁጭ። ለቅሶው ለጉድ ነው። አባዬ ምንም ሳይል ሄዶ ቱልት የሚባለውን ቅጠል በጥሶ መጣና በእጁ እያሸ ቀባለት። አባዬ ቱልት እንደሚያውቅ እኔ ራሴ በ38 ዓመቴ ገና ያን ቀን ማወቄ ነው። ከዚያ በኋላማ አስጎብኚው ሥራ ፈታ፤ ዝግባው ይህ፣ ወይራው ያ፣ ይሄ ለጭስ፣ ያኛው ለሞፈር እያለ ሲያስረዳ የዋለው አባዬ ነው።

ትንሽ ሽቅብ እንደወጣን አንድ ትልቅ ኮሶ አገኘን። ከሥሩ ቁምና ፎቶ ላንሣህ ብለው እንቢ አለ። ለምን ስለው፣ «ልጅ ሳለሁ በየሁለት ወሩ ሲያስጠጡኝ ነው ያደግሁት፤ ከሱ ጋር አልታረቅሁም» አለኝ።

ኮቴ፣ ጫፍ አልወጣንም። ልጄ ግን ለጥር በዓል ይዘኸኝ ውጣ ብሎሃል፤ ቃል ትገባለህ?